የዎርድፕረስ አድሚን ውስጥ ለሠራተኛ የሚታይ የራስ መልእክት፦ ለማን፣ የትኛው ገጽ ላይ፣ እስከ መቼ?

ጣናዳር · ሰኞ፣ ከጠዋቱ 3:10

ሰላም ለሁላችሁ፣ እንዴት ሰነበታችሁ።

ጥያቄዬ ባሕር ዳር ሐይቁ ዳር ስላለ የእንግዳ ማረፊያና የጀልባ ጉብኝት ድረ ገጽ ነው። የተሠራው በዎርድፕረስ (ድረ ገጽ መሥሪያና ማስተዳደሪያ ሶፍትዌር) ነው፣ ስሪቱ ከ6.4 ወዲህ ነው። ስድስት ሰው ይገባበታል፦ አንድ አድሚን (ሁሉን የሚያስተዳድር)፣ ሁለት ኤዲተር (የሁሉንም ጽሑፍ የሚያርም)፣ ሦስት ኦተር (የራሱን ብቻ የሚጽፍ)። ጉብኝቶቹ የሚገቡት «ቱር» በሚል ራሱን በቻለ የጽሑፍ ዓይነት ነው።

አድሚኑ ውስጥ ለሠራተኞቹ መልእክት እንዲታይ የቲሙ (የድረ ገጹን መልክ የሚወስነው ጥቅል) «ፈንክሽንስ» ፋይል ላይ አጭር ኮድ ገብቷል። ሳጥኑ ይወጣል፤ ግን፦

– ሁሉም ሰው ሁሉም ገጽ ላይ ያየዋል። የሚመለከተው ኤዲተሮቹን ብቻ ነው፣ እነሱንም የጉብኝት ዝርዝሩ ላይ ሲሆኑ።
– ኤክሷን ሲጫኑ ይጠፋል፣ ገጹ ሲታደስ ይመለሳል።
– ለጥምቀት ሰሞን ብቻ ታይቶ በራሱ መጥፋት ያለበት መልእክት አለ።
– ወደ ክብራን ገብርኤል የሚሄድ ጉብኝት ሲጻፍ፣ ገዳሙ ሴቶችን እንደማያስገባ ገጹ ላይ መጻፉን የሚያስታውስ ነገር ያስፈልጋል። ይህ ሳይጻፍ ቀርቶ አንዲት እንግዳ ከፍላ፣ ጀልባ ተሳፍራ፣ ደሴቱ ዳር ደርሳ መመለስ የለባትም።
– አንዳንዴ ሳጥኑ ባዶውን ይወጣል። ቀለሙ አለ፣ ጽሑፉ የለም።

---

ደንገል · ሰኞ፣ ከጠዋቱ 3:55

ሰላም ጣናዳር። የኮድ ስሞቹን እንደሚነበቡ በፊደል ነው የምጽፋቸው። አንተ በላቲን ትንንሽ ሆሄ መልሰህ አስገባ፣ ሰረዞቹን እንዳሉ ተዋቸው።

መጀመሪያ ኮዱን ከቲሙ አውጣው። ቲሙ ሲታደስ ፋይሉ በአዲስ ይተካል፤ ቲም ስትቀይር ደግሞ መልእክቱም ይጠፋል። «ደብሊውፒ-ኮንቴንት» ውስጥ «ኤምዩ-ፕለጊንስ» የሚባል ፎልደር ክፈትና አንድ የፒኤችፒ ፋይል አስቀምጥ። እዚያ ያለ ፋይል በራሱ ይነሳል፣ ከፕለጊን (የተጨማሪ ሶፍትዌር) ገጹም ማንም አያጠፋውም። ንዑስ ፎልደር ውስጥ ከከተትኸው ግን አይነሳም፤ በቀጥታ እዚያው መሆን አለበት። አንድ ጥንቃቄ አለው፦ እዚህ ፋይል ላይ ከባድ የኮድ ስህተት ካለ የዎርድፕረስ የማገገሚያ ሁነታ አያድንህም፣ እሱ የሚያግደው ተራ ፕለጊንና ቲም ነው። ስለዚህ የሆስቲንጉን ፋይል ማኔጀር መግቢያ ሳትይዝ አትጀምር። ችግር ቢመጣ የፋይሉን ስም መቀየር ብቻ ይበቃል።

ከዚያ ፈንክሽንህን «አድሚን_ኖቲስስ» ከሚባለው ሁክ (ዎርድፕረስ የራስህን ኮድ የሚጠራበት ቦታ) ጋር አያይዘው። ፈንክሽኑ ውስጥ ሳጥኑን ከማተምህ በፊት ሁለት በር አስቀምጥ።

የመጀመሪያው በር «ማን ነው?» የሚለው ነው። «ከረንት_ዩዘር_ካን» ብለህ «ኤዲት_ፔጅስ» የሚለውን መብት ጠይቅ፤ ከሌለው ወዲያው ተመለስ። ይህ መብት አድሚንና ኤዲተር ጋ አለ፣ ኦተር ጋ የለም። የሚናውን ስም ማለትም «ኤዲተር» የሚለውን ቃል አትጠይቅ፤ ነገ አዲስ ሚና ብትፈጥሩ ይፈርስብሃል። መብት ጠይቅ፣ ስም አትጠይቅ።

ሁለተኛው «የት ነው?» ነው። «ጌት_ከረንት_ስክሪን» የሚመልሰው ነገር ውስጥ መለያ አለ። የዳሽቦርዱ መለያ «ዳሽቦርድ» ነው፣ የጉብኝት ዝርዝሩ «ኤዲት-ቱር»፣ አንድ ጉብኝት የሚጻፍበት ገጽ ደግሞ «ቱር» ብቻ። ይህን ፈንክሽን «አድሚን_ኢኒት» ላይ ብትጠራው ባዶ ነው የሚመልስልህ፣ ስክሪኑ የሚታወቀው ከዚያ በኋላ ነው። «አድሚን_ኖቲስስ» ላይ ስትደርስ ተዘጋጅቶ ይጠብቅሃል።

ሁለቱን ካለፈ «ደብሊውፒ_አድሚን_ኖቲስ» የሚለውን ፈንክሽን ጥራ። በ6.4 ስሪት የመጣ ነው፤ ጽሑፉን ትሰጠዋለህ፣ ዓይነቱንና መዘጋት መቻሉን ትነግረዋለህ፣ ኤችቲኤምኤሉን እሱ ይጨርሰዋል። ዓይነቶቹ አራት ናቸው፦ «ኢንፎ» ሰማያዊ፣ «ሰክሰስ» አረንጓዴ፣ «ዋርኒንግ» ቢጫ፣ «ኤረር» ቀይ።

---

ሽምብጥ · ሰኞ፣ ከጠዋቱ 4:40

ደንገል በደንብ አስቀምጣዋለች። ቀለሙ ላይ አንድ ነገር ልጨምር፦ ቀዩን ለተበላሸ ነገር ብቻ አቆየው። ዋጋ ተቀየረ ለማለት ቀይ የተጠቀመ ሰው፣ ክፍያው በእርግጥ ሲቆም ሠራተኛው ቀዩን አልፎት ይሄዳል።

ወደ ኤክሷ ልምጣ፤ እዚህ ላይ ነው ብዙ ሰው የሚሳሳተው።

> ኤክሷን ሲጫኑ ይጠፋል፣ ገጹ ሲታደስ ይመለሳል

እንዲህ መሆኑ ባግ አይደለም። «ኢዝ-ዲስሚሲብል» የሚለው ክላስ የሚሠራው ሳጥኑን ከስክሪን ላይ ማንሳት ብቻ ነው። ሰርቨሩ መዘጋቱን አልሰማም፤ ስላልሰማም ደግሞ ያሳያል። መስማት እንዲችል ሦስት ነገር ታሟላለህ።

አንደኛ፣ እያንዳንዱ መልእክት ቁልፍ ይኑረው። «ደብሊውፒ_አድሚን_ኖቲስ» «አትሪቢውትስ» የሚል ቅንብር ይቀበላል፤ እዚያ ላይ ዳታ አትሪቢውት አድርገህ ቁልፉን ስጠው፣ ሳጥኑ ላይ ይታተምልሃል።

ሁለተኛ፣ ትንሽ ጃቫስክሪፕት። እዚህ ያለው ወጥመድ፣ የኤክሷ ቁልፍ ገጹ ሲመጣ አብራ አለመምጣቷ ነው። የዎርድፕረስ ጃቫስክሪፕት በኋላ ነው የሚተክላት። ስለዚህ በቀጥታ ኤክሷን ፈልገህ ክሊክ ልታስርባት ብትሞክር ገና የለችም፣ ኮድህም ዝም ይላል። ክሊኩን ዶክዩመንቱ ላይ እሰረውና፣ የተነካው «ኖቲስ-ዲስሚስ» ክላስ ያለው መሆኑን፣ የወላጁ ሳጥንም ያንተ ቁልፍ ያለው መሆኑን አጣራ። ከዚያ ወደ «አጃክስዩአርኤል» (ገጹ ሳይታደስ ለሰርቨሩ ጥያቄ የሚላክበት አድራሻ) ሦስት ነገር ላክ፦ የአክሽኑን (ሰርቨሩ እንዲሠራ የሚጠየቀውን ሥራ) ስም፣ ቁልፉንና ኖንሱን (ጥያቄው ከራስህ ገጽ መምጣቱን የሚያረጋግጥ ጊዜያዊ ኮድ)። በ«ፌች» ከላክህ «ኪፕአላይቭ» የሚለውን ክፈትለት፤ ኔትወርኩ ሲንቀራፈፍ ሰው ኤክሷን ተጭኖ ወዲያው ሌላ ገጽ ይከፍታል፣ ጥያቄው መንገድ ላይ ይሰረዛል፣ መልእክቱም ይመለሳል።

ሦስተኛ፣ ሰርቨሩ ላይ «ደብሊውፒ_አጃክስ_» ካለ በኋላ የአክሽንህ ስም በሚከተልበት ሁክ ላይ ተቀባይ ፈንክሽን አያይዝ። መጀመሪያ ኖንሱን የሚያጣራው «ቼክ_አጃክስ_ሪፈረር»፣ ከዚያ መዘጋቱን በዚያው ሰው መዝገብ (ሜታ) ላይ የሚጽፈው «አፕዴት_ዩዘር_ሜታ»። በ«አፕዴት_ኦፕሽን» ካስቀመጥኸው አንድ ሰው ሲዘጋ ለሁሉም ይዘጋል።

እባክህ እዚህ ላይ አትቸኩል፦ ከብራውዘር የመጣውን ቁልፍ እንዳለ የሜታ ስም አታድርገው። ስሙንም ዋጋውንም ከብራውዘር ተቀብሎ የሚጽፍ ኮድ ላይ፣ የይለፍ ቃል ያለው ተራ አባል የራሱን መብቶች ጽፎ አድሚን ሊሆን ይችላል። የሚፈቀዱትን ቁልፎች ኮዱ ውስጥ ዘርዝር፤ ዝርዝሩ ውስጥ ከሌለ ወርውረው። ዋጋው ሁልጊዜ 1 ይሁን።

ቁልፉ መጨረሻ ላይ ቁጥር አድርግበት። የመልእክቱ ሐሳብ ሲቀየር ቁጥሩን ከፍ ታደርጋለህ፣ የዘጉትም ሰዎች አዲሱን ያዩታል።

---

ጣናዳር · ሰኞ፣ ከቀኑ 8:15

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ሁለቱ በሮች ሠርተዋል፤ ኦተሮቹ ጋ አይታይም፣ ኤዲተሮቹም ዝርዝሩ ላይ ብቻ ያዩታል። አጃክሱ ግን እምቢ አለ። የብራውዘሩ ኔትወርክ ትር ላይ መልሱ ቁጥር 400 ነው፣ ውስጡ «0» ብቻ ተጽፏል።

---

ሽምብጥ · ሰኞ፣ ከቀኑ 8:30

«0» ከ400 ጋር ማለት ዎርድፕረስ የላክኸውን አክሽን የሚቀበል አላገኘም ማለት ነው። ጃቫስክሪፕቱ ውስጥ ያለው ስምና ሁኩ ላይ ያለው ስም በአንዲት ፊደል ተለያይተዋል፣ ወይም ሁኩን ስክሪን ከሚያጣራ ኮድ ውስጥ ነው የጻፍኸው። አጃክስ ሲመጣ የጉብኝት ዝርዝሩ ገጽ የለም፣ ሁኩም ሳይመዘገብ ይቀራል። ሁኩን ከማጣሪያው ውጭ፣ ፋይሉ ላይ ደጅ አውጣው።

ወደፊት ደግሞ 403 እና «-1» ካየህ የኖንስ ችግር ነው። ኖንስ ቢበዛ 24 ሰዓት ነው የሚቆየው። የእንግዳ መቀበያው ኮምፒውተር ገጹን ከትናንት ጀምሮ እንደከፈተ ካደረ ይህን ያመጣል፣ ገጹን ማደስ ይበቃል።

---

ጣናዳር · ሰኞ፣ ከቀኑ 9:05

ሁኩ ማጣሪያው ውስጥ ነበር። ወጣ፣ ሠራ። አሁን ግን አንዱን መልእክት ስዘጋ ሌሎቹም አብረው ይዘጋሉ። ቁልፎቹ የተለያዩ ናቸው፦ «የዋጋ-ለውጥ»፣ «የጥምቀት-ሰሞን»፣ «የጀልባ-ሰዓት»። ዝርዝሩ ገና አልገባም፤ ቁልፉ በ«ሳኒታይዝ_ኪ» ተጣርቶ፣ ፊቱ ላይ «ዝግ_» የሚል ቅድመ ቅጥያ በላቲን ተጨምሮለት ነው የሚቀመጠው።

---

ሽምብጥ · ሰኞ፣ ከቀኑ 9:12

ቁልፎቹን በአማርኛ ነው የጻፍኸው፣ ችግሩ እሱ ነው። «ሳኒታይዝ_ኪ» የላቲን ትንንሽ ሆሄን፣ ቁጥርን፣ ሰረዝንና የታች ሰረዝን ብቻ ነው የሚያሳልፈው። የእኛን ፊደል ሁሉ ያራግፋል። ከሦስቱም ቁልፎች የተረፈችው ያቺ አንዷ ሰረዝ ናት፤ ስለዚህ ሦስቱም በዳታቤዙ ውስጥ አንድ ስም ሆኑ። ለሰው የሚታየው ጽሑፍ አማርኛ ይሁን፣ ለማሽን የሚሰጠው ቁልፍ ላቲን። የሚፈቀዱትን ዝርዝርም ዛሬውኑ አስገባው፤ እሱ ቢኖር ኖሮ ይህን ስህተት ያኔውኑ ይይዝልህ ነበር።

---

ዘጌ_ቡና · ሰኞ፣ ከምሽቱ 1:20

የጥምቀቱን እኔ ልውሰደው። ቀኑም ሰዓቱም ወጥመድ አላቸው።

ሰዓቱን በተመለከተ፣ ዎርድፕረስ ሲነሳ የፒኤችፒን (ዎርድፕረስ የተጻፈበትን ቋንቋ) ሰዓት ወደ ዩቲሲ (የዓለም መነሻ ሰዓት) ያዞረዋል። አንተ ሴቲንግ ላይ አዲስ አበባን ብትመርጥም «ስትርቱታይም» ያን አያይም። «10:00» ብለህ ብትሰጠው የዩቲሲ 10:00 አድርጎ ነው የሚወስደው፤ ያ በእኛ ከቀኑ 7 ሰዓት ነው። ከጠዋቱ 4 ሰዓት ላይ መጥፋት የነበረበት መልእክት ሦስት ሰዓት ዘግይቶ ይጠፋል። መፍትሔው የመጀመሪያና የመጨረሻ ጊዜውን «ዴትታይምኢሚዩተብል» አድርገህ ስትፈጥር ሁለተኛ ግብዓቱን «ደብሊውፒ_ታይምዞን» መስጠት፣ የአሁኑን ሰዓት ደግሞ ከ«ከረንት_ዴትታይም» መውሰድ ነው። ሁለቱም ከ5.3 ስሪት ጀምሮ አሉ። አስቀድመህ ሴቲንግ፣ ጄኔራል ውስጥ የሰዓት ሰቁን በከተማ ስም ምረጥ።

መልእክቱ ውስጥ ሰዓት ስትጽፍም «እስከ 4 ሰዓት» ብለህ አትተው። አንዱ የእጁን ሰዓት፣ ሌላው ስልኩን ነው የሚያየው። «ከጠዋቱ» ወይም «ከቀኑ» የምትለዋን ቃል አትዝለል።

ቀኑ ላይ ደግሞ፣ ብዙ ሰው ጥምቀትን «ጃንዋሪ 19» ብሎ ኮዱ ውስጥ ይቸነክረዋል። ጥር 11 አብዛኛውን ጊዜ በ19 ይውላል። ጳጉሜን ስድስት ቀን በሆነች ማግስት ግን መስከረም 1 በሴፕቴምበር 12 ይብትና ጥር 11 ወደ 20 ይገፋል። በ2016 ዓ.ም. እንዲህ ነበር፣ ጥምቀት የዋለው ጃንዋሪ 20 ቀን 2024 ነው። ቀጣዩ በ2020 ዓ.ም.፣ ማለትም ጃንዋሪ 20 ቀን 2028 ነው። በእኛ ዘመን ደንቡ ቀላል ነው፦ የፈረንጁ ዓመት ለ4 ያለ ቀሪ ከተካፈለ 20፣ ካልተካፈለ 19። መልእክትህ ከከተራ እስከ ቃና ዘገሊላ የሚቆይ ከሆነ ከዚያ ቀን አንድ ወደ ኋላ፣ አንድ ወደ ፊት ውሰድ።

የመልእክቱ ጽሑፍ ላይ ቀኑን በእኛ አቆጣጠር ማሳየት ከፈለግህ ፒኤችፒ «ኢንትል» በሚባለው ተጨማሪው ውስጥ የኢትዮጵያን ካላንደር ያውቃል። «ኢንትልዴትፎርማተር» ላይ ቋንቋውን አማርኛ፣ ካላንደሩን «ኢትዮፒክ» አድርገህ፣ የካላንደር ዓይነቱን «ትራዲሽናል» ትለዋለህ። ይህችን የመጨረሻዋን ከረሳህ የፈረንጁን ቀን በአማርኛ ወር ስም ጽፎ ያመጣልሃል። ርካሽ ሆስቲንግ ላይ «ኢንትል» ላይኖር ይችላል፤ «ክላስ_ኤግዚስትስ» ብለህ ሳትጠይቅ ብትጠራው ገጹ ሙሉ ይወድቃል።

---

ፔዳ_ግቢ · ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ 2:45

ሌላ ሐሳብ ላምጣ። ችግሩ የእናንተ መልእክት ብቻ አይደለም፤ በየፕለጊኑ «ደረጃ ስጡን»፣ «ፕሮውን ግዙ» የሚል ሳጥን ተደርድሮ የእናንተው ከታች ይቀራል። «ሪሙቭ_ኦል_አክሽንስ» ብሎ «አድሚን_ኖቲስስ»ን ባዶ ማድረግና የራስን ብቻ መልሶ ማያያዝ ይቻላል። አምስት መስመር አይሞላም።

---

ሽምብጥ · ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ 3:05

ወንድሜ፣ ይህን ለአድሚኑ በፍጹም አታድርጉት። ዎርድፕረስ ራሱ «አዲስ ስሪት ወጥቷል» የሚለውን የሚያሳየው በዚሁ ሁክ ነው፣ ቅድሚያው 3 ላይ። ፕለጊኖችም «ዳታቤዙን አድሱ»፣ «የክፍያ ቁልፉ ጊዜው አልፏል» የሚሉት በዚሁ ነው። ሁሉንም ስትጠርግ ማስታወቂያውም ማስጠንቀቂያውም አብሮ ይጠረጋል፤ ጣቢያው ሳይታደስ ወራት ይቀመጣል፣ የሚነግረውም የለም።

ለኤዲተሮቹ ግን ግማሽ እውነት አለህ። ስለ አዲስ ስሪት የሚወጣው ሳጥን እነሱን «አስተዳዳሪውን አሳውቁ» ነው የሚላቸው፣ ራሳቸው ምንም ማድረግ አይችሉም። «አፕዴት_ኮር» መብት ለሌለው ሰው «አፕዴት_ናግ» የሚባለውን ብቻ በ«ሪሙቭ_አክሽን» አንሱት፤ ቅድሚያውን 3 ብላችሁ መጥቀሱን አትርሱ፣ ያለዚያ አይነሳም። የራሳችሁን ከፍ ለማድረግ ደግሞ ስታያይዙት ቅድሚያውን 1 ስጡት፤ በልማድ የሚሰጠው 10 ነው፣ ትንሹ ቁጥር ቀድሞ ይታተማል።

---

ደንገል · ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ 4:20

ወደ ክብራን ገብርኤል ልምጣ፤ እስካሁን የተባለው ሁሉ እዚያ ላይ አይሠራም።

ጉብኝቶቹ የሚጻፉት በብሎክ ኤዲተር (በዎርድፕረስ አዲሱ መጻፊያ) ከሆነ፣ በ«አድሚን_ኖቲስስ» የታተመ ሳጥን እዚያ ገጽ ላይ አይታይም። ብሎክ ኤዲተሩ የራሱ የመልእክት ክፍል አለው። ጃቫስክሪፕትህን «ኢንኪው_ብሎክ_ኤዲተር_አሴትስ» በሚለው ሁክ ጫን፣ ጥገኝነቱን «ደብሊውፒ-ዳታ» እና «ደብሊውፒ-ኖቲስስ» በል። ከዚያ «ኮር/ኖቲስስ» ለሚባለው ማከማቻ «ክሬትዋርኒንግኖቲስ» ላክ። መለያ ስጠው፤ መለያው አንድ ከሆነ ደጋግመህ ብትልክም ሳጥኑ አንድ ብቻ ነው የሚሆነው። «ስናክባር» የሚባለውን ዓይነት ለዚህ ጉዳይ አትምረጥ፣ ከታች ብቅ ብሎ በ10 ሰከንድ ገደማ ይጠፋል።

መቼ ይታይ? ርዕሱ ውስጥ «ክብራን» የሚለውን ቃል ለመፈለግ አትሞክር። አንዱ «ክብራን»፣ ሌላው «ኪብራን»፣ ሌላው «ከብራን» ብሎ ይጽፋል፤ ሀሌታውና ሐመሩ፣ አልፋውና ዓይኑ የሚለዋወጥበት ጽሑፍ ላይ ቃል ማመሳሰል አያዛልቅም። «መዳረሻ» የሚል ታክሶኖሚ (ጽሑፎችን መመደቢያ ዝርዝር) ፍጠርና ገዳማቱን አንድ ጊዜ መዝግባቸው። ክብራን ገብርኤልና ዳጋ እስጢፋኖስ ሴቶችን አያስገቡም፤ ዘጌ ላይ ያለችው ኡራ ኪዳነ ምሕረት ታስገባለች። የማያስገቡትን የታክሶኖሚ ቁጥር ለጃቫስክሪፕቱ ዘርዝርለት። ታክሶኖሚው ላይ «ሾው_ኢን_ሬስት» ካልተከፈተ ብሎክ ኤዲተሩ አያየውም።

ከዚያ «የመግቢያ ሁኔታ» የሚል አንድ የሜታ መስክ ጨምር። መዳረሻው ከተዘረዘሩት አንዱ ሆኖ መስኩ ባዶ ከሆነ፣ ማስጠንቀቂያውን አሳይና «ሎክፖስትሴቪንግ»ን ጥራ፤ የማውጫው ቁልፍ ይደበዝዛል። መስኩ ሲሞላ «አንሎክፖስትሴቪንግ»ን በዚያው የመቆለፊያ ስም ጥራ፣ ሳጥኑንም አንሳ። ሁለት ቦታ ይሰበራል። አንደኛ፣ ሜታው በ«ሬጂስተር_ፖስት_ሜታ» «ሾው_ኢን_ሬስት» ተብሎ ቢመዘገብም፣ የ«ቱር» ዓይነት «ከስተም-ፊልድስ»ን የማይደግፍ ከሆነ ዋጋው ሁልጊዜ ባዶ ይመጣል፤ ሰው ሞልቶም ቁልፉ አይከፈትለትም። ሁለተኛ፣ ለውጥ የምትከታተልበት «ሰብስክራይብ» በእያንዳንዷ የፊደል ምት ይነሳል። የበፊቱን ሁኔታ በአንድ ተለዋዋጭ ያዝ፣ ሁኔታው ሲቀየር ብቻ ሥራ፤ አለዚያ አሮጌ ላፕቶፕ ላይ መጻፍ ያቅታል።

ይህ መቆለፊያ ዝርዝሩ ላይ ያለውን «ኩዊክ ኤዲት» አይሸፍንም። ያችን ቀዳዳ ለመድፈን ከፈለግህ «ደብሊውፒ_ኢንሰርት_ፖስት_ዳታ» በሚለው ማጣሪያ ሰርቨሩ ላይ ሁኔታውን ወደ ረቂቅ መመለስ አለብህ።

---

ጣናዳር · ማክሰኞ፣ ከቀኑ 7:50

የክብራኑ ሠራ። የ«ከስተም-ፊልድስ»ዋ ነገር ባትነገረኝ ቀኔን ትበላው ነበር።

ሁለት ነገር ቀረኝ። ዋጋ ማስተካከያ ፎርሙ ከተላከ በኋላ «ተቀምጧል» የሚለው አረንጓዴ ሳጥን አይታይም። ባዶው ሳጥን ደግሞ አሁንም አንዳንዴ ይመጣል። የአንዳንዱ መልእክት ጽሑፍ ስለሚረዝም በ«ሰብስትር» 50 ላይ እየተቆረጠ በ«ኢኤስሲ_ኤችቲኤምኤል» ነው የሚታተመው።

---

ደንገል · ማክሰኞ፣ ከቀኑ 8:05

ፎርሙ ከተቀመጠ በኋላ ሪዳይሬክት (ወደ ሌላ ገጽ መዛወር) አለ። መልእክቱን ያያያዝኸው የመጀመሪያው ጥያቄ ላይ ነው፤ ያ ጥያቄ ምንም ሳያትም ሞተ፣ የሚታየው ሁለተኛው ገጽ ነው። ከሪዳይሬክቱ በፊት «ሴት_ትራንዚየንት» አድርገህ መልእክቱን ለ60 ሰከንድ አስቀምጥ፤ ስሙ ውስጥ የተጠቃሚውን ቁጥር አስገባ፣ ካልሆነ የአንዱ ለሌላው ይታያል። ቀጣዩ ገጽ ላይ አንብበህ አሳይና ወዲያው ሰርዘው። ይህን ዘዴ ለብሎክ ኤዲተሩ አትጠቀም፤ እዚያ ማስቀመጥ ገጽ አያድስም፣ መልእክቱ ሰውየው በኋላ ዳሽቦርድ ሲከፍት ያለ ቦታው ይወጣል።

---

ሰባታሚት · ማክሰኞ፣ ከቀኑ 9:30

የባዶው ሳጥን ምክንያት እዚያው የጻፍከው ውስጥ ነው ልጄ። «ሰብስትር» የሚቆጥረው ፊደል ሳይሆን ባይት ነው። በዩቲኤፍ-8 (ፊደል ወደ ባይት በሚቀየርበት ደንብ) የእኛ እያንዳንዱ ፊደል 3 ባይት ነው፣ ክፍት ቦታው 1።

በአንድ ዓረፍተ ነገር እንየው፦ «ክብራን ገብርኤል ሴቶችን አያስገባም»። «ክብራን» 4 ፊደል፣ 12 ባይት። ከክፍት ቦታው ጋር 13። «ገብርኤል» 15 ይጨምርና 28፣ ክፍት ቦታ 29። «ሴቶችን» 12፣ 41፣ ክፍት ቦታ 42። «አያስገባም» 18፣ ሲደመር 60። በ50 ስትቆርጠው ከ«አያስገባም» ውስጥ «አያ» 48 ላይ ያልቃል፣ ከ«ስ» ሦስት ባይቶች ሁለቱን ብቻ ይዘህ ትቀራለህ። ግማሽ ፊደል የለም፣ ስለዚህ ጽሑፉ ትክክለኛ ዩቲኤፍ-8 መሆኑ ቀረ። «ኢኤስሲ_ኤችቲኤምኤል» ደግሞ የተበላሸ ዩቲኤፍ-8 ሲያገኝ የተበላሸችውን ፊደል ብቻ አያነሳም፣ ሙሉውን ባዶ አድርጎ ይመልሳል። ሳጥንህ ባዶ የሆነው ለዚህ ነው። «አንዳንዴ» የሆነው ደግሞ፣ መቁረጫው በአጋጣሚ ፊደል መጨረሻ ላይ ሲያርፍ ደህና ስለሚወጣ ነው፤ ይኸው ጽሑፍ በ48 ቢቆረጥ ይታያል።

በ«ኤምቢ_ሰብስትር» ተካው፣ እሱ በፊደል ነው የሚቆጥረው። ከቻልህ ግን አትቁረጥ። «ሴቶችን አያ» ላይ የተቆረጠ ማሳሰቢያ ለማንም አይጠቅምም፤ ረጅም ከሆነ አንድ ዓረፍተ ነገር አስቀርና ቀሪውን በሊንክ አገናኝ።

ፋይሉንም ስታስቀምጥ ዩቲኤፍ-8 «ያለ ቦም» መሆኑን እይ። ቦም የሚባሉት ሦስት የማይታዩ ባይቶች ከፒኤችፒ መክፈቻው በፊት ከታተሙ «ሄደሮች ቀድመው ተልከዋል» የሚል ስህተት ታያለህ፣ ያ ሪዳይሬክትህም አይሠራም። መልእክቱ በተከታታይ የጥያቄ ምልክት ሆኖ ከመጣ ደግሞ ሌላ በሽታ ነው፣ የዳታቤዙ ሠንጠረዥ በላቲን-1 የተፈጠረ ነው። አንዴ ወደ ጥያቄ ምልክት የተቀየረ ጽሑፍ አይመለስም፤ ሠንጠረዡን ወደ «ዩቲኤፍ8ኤምቢ4» ቀይረህ ጽሑፉን እንደገና ጻፍ።

---

ጣናዳር · ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 12:40

ጋሼ ሰባታሚት፣ እድሜ ይስጥልኝ። «ኤምቢ_ሰብስትር» ገባ፣ ባዶው ሳጥን ጠፋ፤ ነገ ደግሞ እንዳሉት ጽሑፎቹን አሳጥሬ መቁረጡን አስቀራለሁ።

የጥምቀቱን ግን ጥር ሳይደርስ እንዴት ልፈትሸው? ቀኑ ሲደርስ አልታይ ቢል የሚያርመው ሰው ባሕረ ጥምቀቱ ላይ ነው የሚሆነው።

---

ዘጌ_ቡና · ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 1:15

የአሁኑን ሰዓት በቀጥታ ፈንክሽኑ ውስጥ አትውሰድ፤ «ይታይ ወይስ አይታይ» የሚለውን ለብቻው ፈንክሽን አድርገውና ሰዓቱን ከውጭ ስጠው። ከዚያ በአምስት ሰዓቶች ጥራው፦ ከተራ ከመግባቱ አንድ ደቂቃ በፊት፣ አንድ ደቂቃ በኋላ፣ ቃና ዘገሊላ ከማለቁ አንድ ደቂቃ በፊት፣ አንድ ደቂቃ በኋላ፣ አምስተኛው ደግሞ የ2028ቱ ጃንዋሪ 21 እኩለ ቀን። የመጨረሻው «ይታይ» ካላለ ቀኑን ቸንክረኸዋል ማለት ነው።

ያ ሲያልፍ የመጀመሪያ ጊዜውን ለአሁን፣ የመጨረሻውን ለአምስት ደቂቃ በኋላ አድርግና በሌላ ብራውዘር በኤዲተር ስም ግባ። በአድሚን ስም አትፈትሽ፤ አድሚን ሁሉም መብት ስላለው የመጀመሪያው በር መሥራት አለመሥራቱን አታውቅም። በኦተር ስምም ግባና አለመታየቱን እይ። ኤክሷን ተጫን፣ ገጹን አድስ፣ ወጥተህ ግባ። ስትጨርስ የፈተሽህበትን ኤዲተር «ዝግ_» የሚለውን ሜታ መሰረዝህን እንዳትረሳ፤ ካልሰረዝኸው ያ ሰው በጥር መልእክቱን አያየውም።

---

ጣናዳር · ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 2:30

አምስቱም ሰዓቶች ላይ ትክክል ነው። በኦተር አልታየም፣ በኤዲተር ታየ፣ ተዘጋ፣ አልተመለሰም። ሜታው ተሰርዟል።